ለመቆም ስንት እናወጣለን?

መኪና ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ መሄዷ ነው። ሞተሯ ስንት ሲሲ ነው? በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? ዳገት ላይ እንዴት ናት? በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ስለሆንኩና በየሳምንቱ ከሶዶ ወደ አረካ፣ ወደ ቦዲቲና ወደ ሁምቦ ስለምመላለስ እነዚህን ጥያቄዎች በየደረስኩበት እሰማለሁ። «ጥሩ ትቆማለች ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ግን አባቴ ብቻ ናቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። መኪናዋን በገዛን ሰሞን አንዴ ዞረው አዩዋትና ሞተር ሳያስነሱ፣ ሬዲዮ ሳይነኩ የፍሬኑን ፔዳል ረገጥ ረገጥ አደረጉት። «ልጄ፣ ሞተር ቢበላሽ መንገድ ዳር ያስቀምጥሻል። ፍሬን ቢበላሽ ግን የሚያስቀምጥሽን ቦታ አንቺ አትመርጪውም» አሉኝ።

ባለፈው አንድ ዓመት የቤተሰባችንን መኪና ፍሬን በደመወዝተኛ አቅም እንዴት እንዳሻሻልን ልነግራችሁ ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ቢዝነስ ነው። የተማርኩት ትምህርት ግን አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እንድጠይቅ አስለምዶኛል፤ ያለኝን ውስን ብር የት ባደርገው ነው የበለጠ የሚጠቅመኝ?

ከሶዶ መውጣት ማለት መውረድ ነው

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ የምናገኘው አባያ ሐይቅ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ዳውሮ የሚሄድ ሰውም መጀመሪያ ወደ ኦሞ ወንዝ ወርዶ ነው እንደገና የሚወጣው። ስለዚህ የእኛ አገር ሹፌር ዳገቱን በነዳጅ ይከፍላል፤ ቁልቁለቱን ደግሞ በፍሬን።

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው እንቅስቃሴዋን ወደ ሙቀት በመቀየር ነው። ሸራው ዲስኩን ይይዛል፣ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፣ ሙቀቱም ወደ አየር ይወጣል። ፍጥነታችን እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚወጣው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትሄድን መኪና ማቆም በ40 የምትሄደውን አራት ጊዜ የማቆም ያህል ነው።

ቁልቁለቱን ደግሞ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ሰውና ዕቃ ጭና 1,800 ኪሎ የምትመዝን መኪና 800 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ፣ ሥራውን ሁሉ ለፍሬን ብቻ ብንተወው የሚፈጠረው ሙቀት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱልናል። የቀረው ግን የሚያርፈው ከጎማው ጀርባ ባሉ ጥቂት ብረቶች ላይ ነው። ይህን ካሰላሁ በኋላ ያንን መንገድ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ሙቀቱ ሲበዛ ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛ፣ ሸራው ከሚችለው በላይ ሲግል መያዝ ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ጠንካራ እንደሆነ መኪናዋ ግን አልቆም ትላለች። ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ዘይት ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወደ ታች ይሰምጣል።

የእኛ መኪና የ2004 ሞዴል ራቭ ፎር ናት፤ ያገለገለች ገዝተን ነው፣ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር። ከገዛናት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጆቹንና አማቴን ይዘን ወደ ሁምቦ ስንወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ደግሞ ፔዳሉ ሶዶ ላይ ከነበረው በሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር የሚይዘው። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ልጆቹ ሙዝ እስኪበሉ ድረስ መኪናዋ ቀዘቀዘች፣ ፔዳሉም ተመለሰ። አማቴ ምንም አላወቁም። እኔ ግን በዚያው ምሽት አባቴ ጋ ደወልኩ። ነገሩን እንደሰሙ «መሪው የሚንቀጠቀጠው ከዲስኩ ነው፣ ፔዳሉ የሰመጠው ከዘይቱ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ፤ እስኪሠሩ ድረስ ግን ቁልቁለት የለም» አሉ።

«ማሻሻል» ሲባል

ነገሩ ቤት ውስጥ ሲነሳ ሁሉም ሰው ሐሳብ አለው። የባለቤቴ ወንድም የመኪና ነገር ይወዳል፤ ስልኩን አውጥቶ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ትልልቅ ዲስኮችና ቀይ ቀለም የተቀቡ ካሊፐሮች አሳየን። ከትልቅ መኪና የወረደ ፍሬን አስመጥቶ መግጠም እንደሚቻልም ነገረን። ባለቤቴ በበኩሉ ከፍ ያለ ቸርኬና ሰፊ ጎማ ይምጣ አለ። ሁለቱም ለመኪናዋ በጎ አሳቢዎች ናቸው። የእኔ ጥያቄ ግን ያው ነበር፤ ብሩ የት ቢሄድ ነው የሚጠቅመን?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነገር አለ። መኪናን በመጨረሻ የሚያቆማት ጎማ ነው። አሁን ያለው ፍሬን በደህና ሁኔታው ጎማውን አጥብቆ መያዝ ከቻለ፣ ትልቅ ዲስክ መግጠም ያንን አንድ ጊዜ የሚደረግ ድንገተኛ ቁም አያሳጥረውም። ትልቅ ዲስክ የሚጠቅመው ሙቀትን በመሸከም ነው። እሱን ጥቅም ደግሞ በጥሩ ዘይት፣ በጥሩ ሸራና በማርሽ አጠቃቀም በብዙ እጥፍ ርካሽ ማግኘት ይቻላል። ከሌላ መኪና የወረደ ካሊፐር ከሆነ የፊትና የኋላ ፍሬኑን ሚዛን ያዛባል፤ ቀዳዳ ያለው ዲስክም በሙቀት ብዛት ከቀዳዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከባድ ቸርኬና ጎማም ቢሆን ለፍሬኑ ተጨማሪ ሸክም ነው፤ የሚሽከረከር ክብደትን ማቆም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

ስለዚህ ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ማሻሻል ማለት፣ ፋብሪካው የሠራውን ፍሬን ወደ ሙሉ ጤናው መመለስና ሙቀት የመቻል አቅሙን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ለአንድ ጊዜ ውድድር የምናዘጋጃት መኪና አይደለችም፤ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ቀን ደንበኛ ጋ፣ እሁድ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ መኪና ናት።

ጊዜውም ይህን ይመክራል። በ2016 ዓ.ም መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ደግሞ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው የት እንደሄደ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ። ያለችንን ቤንዚን መኪና ለብዙ ዓመት በደህና ማቆየት ለብዙዎቻችን ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል።

ካርቶኑ የእኔ ሙያ ነው

መለዋወጫ ለመግዛት ስንነሳ አንዱን በሶዶ፣ ሌላውን በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሚያውቅ ሰው በኩል አስጠየቅን። በአንድ ሱቅ የታዋቂ ፋብሪካ ስም ያለበት የፊት ሸራ በሚገርም ዋጋ ቀረበልኝ። ባለሱቁ «እህቴ፣ ኦርጅናል ነው፤ ካርቶኑን እዪው» አለኝ።

ካርቶን ማሳመር የእኔ እንጀራ ነው። ማሸጊያ ምን ማለት እንደሚችልና ምን ማረጋገጥ እንደማይችል አውቃለሁ። ካርቶኑ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁለት ቦታ ፊደል ተሳስቷል፤ የምርት መለያ ቁጥር የለውም። ከፍቼ ሸራውን ራሱን ሳየው ደግሞ በጀርባው ብረት ላይ ምንም አልተጻፈም። አመስግኜ መለስኩለት።

እናንተም ሸራ ስትገዙ ከካርቶኑ ይልቅ ሸራውን አንብቡ። በብዙ ደህና ሸራዎች ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ከቁጥሮች ጋር ሁለት የላቲን ፊደላት ተከታትለው ታትመው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመደበኛ ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ በጣም ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። «ኢ» ዝቅተኛ ነው፣ «ኤፍ» መካከለኛ፣ «ጂ» ከፍተኛ። ለቁልቁለት አገር ወሳኙ ሁለተኛው ፊደል ነው። ሁለቱም «ኤፍ» የሆነ ሸራ ለቤተሰብ መኪና በቂና የተመጣጠነ ነው። ሁለተኛው ፊደል «ኢ» ከሆነ ሲግል ይደክማል ማለት ነው፤ ከሶዶ ወደ አባያ ለሚወርድ ሰው አልመክረውም። የአውሮፓን ደረጃ ያለፈ ሸራ ደግሞ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» ከነቁጥሩ ይኖረዋል። ይህን ከጥራት ፊደሉ ጋር አታምታቱት።

የፍሬን ዘይትም የራሱ ቋንቋ አለው። ጠርሙሱ ላይ «ዶት 3»፣ «ዶት 4» ወይም «ዶት 5.1» ተብሎ ይጻፋል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዶት 4 እስከ 230፤ ዶት 5.1 እስከ 260። ችግሩ ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ውሃ የጠጣ ዶት 3 የመፍያ ነጥቡ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል፤ ዶት 4 ደግሞ ወደ 155። ስለዚህ ማንም አይቶት የማያውቅ አሮጌ ዘይት በላዩ ላይ ሙሉ ሆኖ ቢታይም በውስጡ ደክሞ ሊሆን ይችላል። መደበኛ ምክሩ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። ሦስቱ ዓይነቶች ተቀራራቢ ስለሆኑ ዶት 3 የሚጠቀም መኪና ወደ ዶት 4 ማደግ ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን «ዶት 5» የሆነው ግን ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፣ እንዳትገዙት። የተከፈተ ጠርሙስም አትቀበሉ፤ ክዳኑ በፊታችሁ ይከፈት።

ከ100 ብር ውስጥ

የሄድንበት ጋራዥ ያሉት መካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ» እያልኩ ስጠይቃቸው ሳይሰለቹ መለሱልኝ። ጎማዎቹን አውልቀው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዲስኩን በካሊበር መለካት ነበር።

«ይህን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ አይቻልም?» አልኳቸው፤ ርካሹ መንገድ እሱ ስለሆነ።

«ይቻል ነበር። ግን ነይና እዪ» አሉኝና ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት አሳዩኝ። «ከዚህ በታች አይወርድም ይላል። የእናንተ ከዚህ በታች ነው። ብስለው እስከ መንፈቅ ትነጂበታለሽ፤ ከዚያ ብረቱ ሙቀት መሸከም ያቅተዋል። ለሌላ ሰው ብስለው ይከፍለኛል። ልጅ ለምትጭኝ ለአንቺ ግን አልስለውም።»

ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር የብሩን መጠን ብነግራችሁ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ሊለወጥ ይችላል። ድርሻውን ልንገራችሁ። ካወጣነው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 44ቱ ለሁለት አዲስ የፊት ዲስኮች፣ 22ቱ ለፊት ሸራ፣ 14ቱ ለፍሬን ጎማ ቱቦዎች፣ 7ቱ ለዶት 4 ዘይት፣ 13ቱ ለእጅ ዋጋ ሄደ። የኋላው ታምቡር ሸራ ገና ስለነበር ተጠርጎና ተስተካክሎ ተመለሰ። ታምቡር በትክክል ሲስተካከል የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይነቃል፤ ሶዶ ዳገት ላይ መኪና አቁሞ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ለዋጋው ከፍተኛ ለውጥ ያመጣው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ባለ 7 ብሩ ዘይት ነው። አቅማችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ዲስክና ሸራችሁ ደህና ከሆኑ ከዘይቱ ጀምሩ። ሸራው 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ግን ቅድሚያው የእሱ ነው። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣት ስላልቻልን በሁለት ደመወዝ ከፋፈልነው፤ መጀመሪያ ዲስክ፣ ሸራና ዘይት፤ በሚቀጥለው ወር ቱቦዎቹ። ቱቦ ሲቀየር አየር ስለሚገባ ዘይቱ በከፊል እንደገና ይባክናል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ከቻላችሁ ትንሽ ታተርፋላችሁ። የእኛን ቱቦ ለአንድ ወር ማቆየት የቻልነው ጋሼ አጥፈው፣ አይተው፣ ስንጥቅ እንደሌለበት ካረጋገጡ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋራዥ ውስጥ የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር ሲነፋ ካያችሁ ልጆቻችሁን አርቁ፤ መካኒኩንም በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርግ ለምኑት። አንዳንድ ርካሽና አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። የእኛ መካኒክ ውሃ በባልዲ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት።

አዲስ ሸራና ዲስክ እንደተገጠመ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም፤ መላመድ አለበት። ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀስ ተብሎ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ፍሬን ይያዛል። በመካከሉ ሙሉ በሙሉ መቆም የለም። ከዚያ ፍሬን ሳይነካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። እኔ ይህን ያደረግሁት እሁድ ማለዳ፣ አባቴ ጎኔ ተቀምጠው ነው።

በሱቅ የማይሸጠው ፍሬን

ያወጣነው ብር ሁሉ በመጥፎ አነዳድ ሊባክን ይችላል። የአባቴ ደንብ አጭር ነው፤ ዳገቱን በወጣሽበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረጂ። አውቶማቲክ የምትነዱም መራጩ ላይ «2» ወይም «ኤል» አላችሁ፤ የተቀመጡት ለዚህ ነው። ሞተሩ መኪናዋን ሲይዛት ፍሬኑ ያርፋል። ፍሬን ሲያስፈልግም እግርን ደግፎ ቁልቁለቱን ሁሉ መያዝ ሳይሆን፣ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ ነው፤ በመካከሉ ዲስኩ አየር ያገኛል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ማርሽ አውጥታችሁ የምትወርዱ ካላችሁ ደግሞ መልካም ዜና አለኝ፤ ቁጠባው የለም። ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ቁልቁል ሲወርድ፣ እግራችሁ ከነዳጅ ላይ ከተነሳ፣ ነዳጅ መርጨቱን ራሱ ያቆማል። ማርሽ ስታወጡ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይቀጥላል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከሞተሩ ስለሚመጣ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ጎማችሁንም አንብቡት። ጎኑ ላይ በመጨረሻ የተጻፉት አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያለቀ ወይም ያረጀና የደረቀ ጎማ ላይ ጥሩ ፍሬን መግጠም፣ ለተቀደደ ጫማ አዲስ ማሰሪያ እንደመግዛት ነው። በወር አንድ ቀን ደግሞ የሞተር ክዳን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይት መያዣውን እዩ። ዘይቱ ከጎደለ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ዝም ብላችሁ አትሙሉት፣ ምክንያቱን ፈልጉ።

ወላይታ ውስጥ ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ በቡድን መቆጠብ የቆየ ልማድ ነው። መስከረም ሲደርስ ማንም ከሰው እጅ አይጠብቅም። እኛም ቤት አሁን ከዚያ የወሰድነው ትንሽ ነገር አለ፤ በየወሩ ለመኪናዋ የምናስቀምጣት ገንዘብ። የወንበር ልብስም ሆነ የድምፅ ማጉያ ከእሷ አይገዛም፤ የፍሬንና የጎማ ብቻ ናት። በጊፋታ ሰሞን መኪኖቻችን ከምንጊዜውም በላይ ይሞላሉ፤ አያት፣ ልጅ፣ ቅቤ፣ ሥጋ፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር። እናንተም የምትወዷቸውን ሰዎች ጭናችሁ ወደ ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት፣ ከቀናት አስቀድማችሁ የፍሬን ዘይታችሁ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ቀጥታ ወደ ጋራዥ ሂዱ።